የተመልካች ዕዳ

ሰው ራሱ ባልተገኘበት ስፍራ የተደረገውን ደስታ ከቤቱ ተቀምጦ ሲካፈል ዕዳ አለበትን? ወይስ የለበትም? ይህ ጥያቄ አንዳንዱን ሰው ያስቀው ይሆናል። ‹‹ዘፈን ማየት ደግሞ ምን ዕዳ አለው? ደስ ሲለኝ አያለሁ፤ ሲሰለቸኝ እዘጋለሁ›› የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የሰው ጠባይ የሚታወቀው በትልቅ ሥራው ብቻ አይደለም፤ ማንም በማያየው ሰዓት፣ በመዝናኛው ጊዜ፣ እጁን ወዴት እንደሚሰድ በመመልከት ጭምር ነው። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ጥቂት አብረን እንመርምረው።

በቀድሞው ዘመን ዘፈን መስማት የሚቻለው በቦታው በመገኘት ብቻ ነበር። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲገባ ሰሚው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ‹‹ተቀበል›› እያለ ግጥም ይነግረዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ነገሩ ልቡን የነካው ሰው ተነሥቶ ብር ከግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። እንግዲህ መስጠትና መቀበል በዚያው ሰዓት፣ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይፈጸም ነበር። የሰሚው ዕዳ ለነገ አይተርፍም። ኋላ ግን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ መጓዝ ጀመረ፤ ባለቤቱ ቢተኛም፣ ቢታመምም፣ ቢሞትም እንኳ ድምፁ ይዘፍናል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም ቤት በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ሕዝቡ ቲኬት ቆርጦ፣ ወንበር ይዞ ያይ ነበር። ዛሬ ደግሞ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከኮተቤ እስከ ሾላ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚኖር ወጣት በእጁ በያዘው ስልክ የለንደንን፣ የአምስተርዳምን፣ የአዲስ አበባንም አዳራሽ ሊከፍትና ሊዘጋ ይችላል።

ይህ ነገር ታላቅ በረከት መሆኑን አልክድም። እኔ ራሴ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ደጋግሜ የማያቸው ጥቂት የመድረክ ቅጂዎች አሉኝ። ከነዚህ አንዱ የይፋቱ ተወላጅ ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከተባሉት የሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር የተጫወተው ነው። እነዚህ ሙዚቀኞች በ1997 ዓ.ም. የተቋቋሙበትን ሃያ አምስተኛ ዓመት በአምስተርዳም ሲያከብሩ ጌታቸውን ጋብዘው ወሰዱት፤ ከዚያም በኋላ በየአገሩ አብረው ዞሩ። አባቶቻችን ወደ ጦር ሜዳ ሲሄዱ ያሰሙት የነበረውን ሽለላና ፉከራ ይህ ሰው በሳክስፎን ሲነፋው፣ ከእሱ በዕድሜ እጅግ የሚያንሱት ፈረንጆች ጊታራቸውን ይዘው ሲከተሉት፣ ትውልድ ከትውልድ፣ አገር ከአገር ሳይተዋወቅ መግባባት እንደሚችል በዓይኔ አየሁ። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ቅጂው ግን ቀረልን። ሌላው ማሕሙድ አሕመድ ነው። በልጅነቱ በመርካቶ ጫማ እየጠረገ ያደገው፣ ኋላም ከክብር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ ጋር የዘፈነው ይህ ሰው፣ ዕድሜው ሰማንያን ካለፈ በኋላ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በሚሌኒየም አዳራሽ ሕዝቡን ተሰናበተ። የመግቢያውን ዋጋ መክፈል ያልቻለ፣ በሕመም ከአልጋ የዋለ፣ ወይም በባሕር ማዶ በስደት የሚኖር ሰው የዚህን ምሽት ቁራጭ እንኳ ቢያይ ትልቅ ነገር ነው። ቅጂን የሚንቅ ሰው፣ ከአዳራሹ ውጭ የቀረውን ብዙውን ሕዝብ ይንቃል።

ዳሩ ግን በረከት ሁሉ ፈተና አለው። በአዳራሽ የተቀመጠ ሰውና በቤቱ የተቀመጠ ሰው የሚያዩት አንድ ቢሆንም፣ ሥልጣናቸው አንድ አይደለም። የአዳራሹ ሰው ያልወደደውን ዘፈን መዝለል አይችልም፤ የወደደውንም አያስደግመውም። ዘፋኙ ሲደክም ያያል፤ ሲያልበው ያያል፤ መሣሪያው ተበላሽቶ ሲጠገን ይጠብቃል። የቤቱ ሰው ግን ንጉሥ ነው። በአንድ ጣቱ ‹‹ይህ ይቅር፣ ያ ይምጣ›› ይላል፤ ዘፋኙ ሃምሳ ዓመት የደከመበትን በሁለት ደቂቃ ቆርጦ ይወስዳል፤ ደስ ያላለውንም እንዳልነበረ ያደርገዋል።

ይህን ነገር ከእንጦጦ ጋራ ጋር አስተያየዋለሁ። ከእንጦጦ ራስ ላይ የቆመ ሰው አዲስ አበባን በአንድ እይታ ይጠቀልላታል፤ ቤቱ፣ መንገዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ ሁሉ በእጁ መዳፍ ላይ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በየትኛው ቤት ሠርግ፣ በየትኛው ቤት ለቅሶ እንዳለ አይሰማም። ከፍታው ዓይኑን ይጨምርለታል፤ ጆሮውን ግን ይቀንስበታል። በዚያው ጋራ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱ እናቶች አሉ። በመኪና የሚወርደው ሰው መንገዱን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። እነሱ ግን እያንዳንዷን ድንጋይ ረግጠው ነው የሚያልፉት፤ ለተሸከመ ሰው የሚዘለል መንገድ የለውም። እንግዲህ መዝለል የሚችለው ሸክም የሌለበት ብቻ ነው። መዝለል የማይችለውን ሰው ማሰብ ደግሞ የሕሊና ሥራ ነው።

ይህ ነገር ከዘፈን የሚያልፍ መሆኑን ለመረዳት፣ በመላው ዓለም ብዙ ሰው በቤቱ ከሚያያቸው የመድረክ ቅጂዎች አንዱን እንመልከት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በኮረም የተሰበሰቡትን የረኀብ ጉዳተኞች ለዓለም አሳየ። ከዚያ በኋላ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች ጓደኞቻቸውን አስተባብረው፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየምና በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ላይቭ ኤይድ የተባለውን ታላቅ የሙዚቃ በዓል አደረጉ። በዌምብሌይ ብቻ ሰባ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ፤ በዓሉም በሳተላይት ወደ ብዙ አገሮች ተላለፈ። የተዘፈነው ለኢትዮጵያ ረኀብተኞች ርዳታ ነበር።

ከዚያ ዕለት ዛሬ ሰው ሁሉ መርጦ የሚያየው ኩዊን የተባለው ጓድ የተጫወተውን ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። በእውነትም ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ እጁ ሲያነሣና ሲያስቀምጥ ማየት ያስደንቃል። ነገር ግን በዚያው ዕለት፣ በዚያው ስታዲየም ሌላም ነገር ታይቷል። ዴቪድ ቦዊ የተባለው ዘፋኝ ከተመደቡለት ዘፈኖች አንዱን በፈቃዱ ትቶ፣ በእሱ ፈንታ የተራቡትን ሕፃናት የሚያሳይ አጭር ፊልም ለሕዝቡ እንዲታይ አደረገ። ይህን ልብ በል። ዘፋኙ የራሱን ዘፈን ቆርጦ ለተራበው ቦታ ለቀቀ፤ የዛሬው ተመልካች ግን የተራበውን ቆርጦ ለዘፈኑ ቦታ ይለቃል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይህን ቅጂ በቤቴ ስናይ፣ በወሎ ተወልደው ያደጉ አንዲት እናት ከጎረቤት መጥተው ቡና ይጠጡ ነበር። የሕፃናቱ ፊልም ሲጀምር የእኅቴ ልጅ ‹‹ይህ ይለፈን፤ ኩዊን ይምጣ›› ብሎ መቈጣጠሪያውን አነሣ። እሳቸውም ሲኒያቸውን አስቀምጠው ‹‹ተወው ልጄ፤ እስኪ ልያቸው። ከነሱ መካከል የማውቀው ሰው ይኖር ይሆናል›› አሉት። ልጁ እጁን መለሰ። ፊልሙ እስኪያልቅ ማንም አልተናገረም። ኋላም ‹‹እነዚህ ልጆች የሚዘፍኑት ለኛ ነበር?›› ብለው ጠየቁ፤ ‹‹አዎን እማማ›› አልናቸው። ‹‹እግዜር ይስጣቸው›› አሉና ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አብረውን አዩ። ስለ ፍሬዲ መርኩሪም ‹‹ይኸኛውስ ሸጋ ነው፤ ጉሮሮው አይደክምም›› ብለው ሣቁ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ሐዘን ደስታን እንደማይከለክል ነው። እኚህ እናት ዘፈኑን አልጠሉትም፤ እንዲያውም ከሁላችን ይልቅ የሰሙት እሳቸው ናቸው፤ ስለ ምን እንደ ተዘፈነ ያውቁ ነበርና። እኛ ለዘፈኑ ጆሮ ብቻ ነበረን፤ እሳቸው ግን ምክንያቱንም ነበራቸው። ምክንያቱ የተቆረጠ ደስታ ግን ሥሩ እንደ ተቆረጠ አበባ ነው፤ ለጊዜው ያምራል፤ ውሎ ሳያድር ይጠወልጋል።

እዚህ ላይ ‹‹ፈረንጆቹ ረኀባችንን ለጨዋታ አደረጉት›› ብሎ በሰው ላይ ጣት መቀሰር ይቀላል። ነገር ግን ፍርድ ከቤት ይጀምራል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ የሠራው ፊልም የቤተ መንግሥቱ ግብዣ በመካከል በመካከል እየገባበት በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ። ሕዝቡም ግብዣውንና ረኀቡን ጎን ለጎን አይቶ ተቈጣ። ዓሥር ዓመት ሲሞላ ግን ያን ፊልም ያሳዩት ሰዎች ራሳቸው፣ በወሎና በትግራይ ሰው በረኀብ ሲረግፍ፣ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን ዓሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ አከበሩ፤ የረኀቡም ወሬ እንዲሸፈን አደረጉ። በሰው ድግስ ላይ የተራበውን የቀጠለ እጅ፣ ከራሱ ድግስ ላይ ቆርጦ ጣለው። እንግዲህ መቁረጥና መቀጠል የእጅ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የልብ ሥራ ነው። ትናንት በሹማምንት እጅ ብቻ የነበረው ይህ ሥልጣን ዛሬ በእያንዳንዱ ወጣት ጣት ላይ ወርዷል።

‹‹ታዲያ ደክሞኝ ቤቴ ስገባ አንድ ዘፈን መርጬ ብሰማ ኃጢአት ነውን?›› ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ሰው ከማዕዱ የወደደውን ቢያነሣ ነውር የለበትም። ነውሩ ማዕዱን ማን እንዳቀረበው፣ ስለ ምንም እንዳቀረበው አለመጠየቅ ነው። ደግሞም ሁልጊዜ የወደደውን ብቻ የሚያነሣ ሰው ቀስ በቀስ ምላሱ ይበላሻል። በዘፈን መዝለል የለመደ ጣት በንግግርም መዝለል ይለምዳል፤ ሽማግሌ ሲያወሩ ‹‹ወደ ፍሬ ነገሩ›› ይላል፤ ወዳጁ ችግሩን ሲነግረው ልቡ ወደ ሌላ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ዘፈንን ወደፊት መግፋት ይቻላል፤ የእናትን ሕመም፣ የጓደኛን ሐዘን ግን የሚያሳልፍ ቁልፍ የለም፤ ያልለመደ ሰው በዚያን ጊዜ መቀመጥ ያቅተዋል።

ስለዚህ ለወጣት ወዳጆቼ ሦስት ነገር እመክራለሁ። መጀመሪያ፣ አንድን የመድረክ ቅጂ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከመነሻው እስከ መድረሻው እዩት፤ ከዚያ በኋላ የወደዳችሁትን ብትመርጡ ምርጫችሁ በእውቀት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሲቻላችሁ ከሰው ጋር እዩት፤ ይልቁንም በዕድሜ ከሚበልጣችሁ ሰው ጋር፤ እናንተ የማታዩትን ያያልና። ሦስተኛ፣ አዝማሪው ፊታችሁ ስለሌለ ዕዳው የተሰረዘ አይምሰላችሁ። ሥራውን መግዛት የሚችል ይግዛ፤ በከተማችን መድረክ ሲዘጋጅ ቲኬት መቁረጥ የሚችል ይቁረጥ፤ ይህ ያልተቻለው ደግሞ ዘፋኙን በስሙ ያመስግን፤ ሥራውንም ከነስሙ ለሌላው ያስተላልፍ።

በፊት ሰሚውን ከአዳራሹ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው ይሉኝታም ነበር፤ መሄድ ቢፈልግ እንኳ ሰው ያየዋልና። በቤቱ የተቀመጠውን ግን ከራሱ በቀር የሚያየው የለም። ነጻነቱ በሰፋ መጠን ራሱን መግዛት ይገባዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንድን ነገር ለማሳለፍ ጣትህን ባነሣህ ጊዜ፣ ከመጫንህ በፊት፣ የምታሳልፈው ማንን እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ራስህን ጠይቅ።