በዓለ ልደት በገጠር ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ሰው ሁሉ የሚወለድበትን ቤት ሳይመርጥ ይወለዳል። ሰማይና ምድር የማይወስኑት አምላክ ግን ለእኛ ለድኅነታችን ሥጋ ለብሶ ሊወለድ በወደደ ጊዜ ስፍራውን የመረጠው እርሱ ራሱ ነው። የመረጠውም የአውግስጦስ ቄሣርን አዳራሽ ወይም የሄሮድስን ቤተ መንግሥት ሳይሆን፥ በይሁዳ ምድር የምትገኘውን የታናሺቱን መንደር የቤተ ልሔምን በረት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደ ጻፈልን፥ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ስላልተገኘላቸው እናቱ ቅድስት ድንግል ማርያም በጨርቅ ጠቅልላ በግርግም አስተኛችው። የምሥራቹም አስቀድሞ የተነገረው በሌሊት መንጋቸውን ይጠብቁ ለነበሩ እረኞች ነው።

የዚህችን መንደር ስም እናስተውል። ቤተ ልሔም ማለት በዕብራይስጥ ቋንቋ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው። ከብዙ ዘመን በፊት ሞዓባዊቷ ሩት ከአማቷ ከኑኃሚን ጋር ባዶ እጇን የገባችው ወደዚህችው መንደር ነበር። በቦዔዝ እርሻ ከአጫጆች ኋላ እየተከተለች ቃርሚያ ለቀመች፤ ቦዔዝም አልከለከላትም፤ እንዲያውም ነዶ እየመዘዙ እንዲተዉላት ሠራተኞቹን አዘዘ። ከእርስዋ ኢዮቤድ፥ ከኢዮቤድም እሴይ፥ ከእሴይም ዳዊት ተወለደ፤ ጌታችንም በሥጋ ከዳዊት ዘር ተወለደ። እንግዲህ የጌታ የትውልድ ሐረግ በአንዲት ድኻ መበለት ቃርሚያና በአንድ ቸር ገበሬ አውድማ በኩል ያለፈ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ለቅዱስ ቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት እስከ ዛሬ ድረስ ቤተ ልሔም ብላ ትጠራዋለች። ስለዚህ በዓለ ልደት ለገበሬ ቤት፥ ለእህልና ለምድጃ እንግዳ አይደለም፤ ከጥንቱ በዚያ የተጀመረ ነው።

አሁን ደግሞ በአገራችን ገጠር በዓሉ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመልከት። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የነቢያት ጾም ይጾማል። በዚያው ወራት ገበሬው ያጭዳል፥ ይከምራል፥ አውድማውን ለቅልቆ በበሬ ያበራያል። በቤት ውስጥም ሌላ ሥራ ይሠራል። የቤቱ እመቤት ጥጡን ዳምጣና ነድፋ፥ አባዝታና ፈትላ ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ለበዓሉም ነጠላ ይሆናል። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉና እንኩሮው በየተራቸው ይገቡበታል። ከቀፎው ማር ከተጣራ በኋላ የቀረው ሰፈፍ በጥጥ ፈትል ላይ ተለብጦ ጧፍ ይሆናል። በዋዜማው ግድግዳውና መደቡ በእበት ይለቀለቃል፤ ወለሉም ቄጠማ ወይም ለምለም ሣር ይጎዘጎዝበታል። ሊጡም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይና ከታች እሳት ተደርጎበት ድፎ ዳቦ ይሆናል። ልጆቹም ከዱር ጫፉ ቆልመም ያለ በትር ቈርጠው ለገና ጨዋታ ያዘጋጃሉ፤ በዚያ ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ይሮጣሉ፥ ማንም በማንም አይቈጣም። ከዚያም ታኅሣሥ 29 ቀን ሊነጋ ሌሊቱ በማኅሌትና በቅዳሴ አልፎ፥ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፤ ጾሙም ይፈታል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከሱቅ የተገዛው ምን ያህል ነው? ምናልባት ጨውና ጥቂት ቅመም ይሆናል። የቀረው ሁሉ ከምድር በእግዚአብሔር በረከት በቅሎ፥ በቤተ ሰቡ እጅ ተሠርቶ የቀረበ ነው። በዚህ ቤት የሚያድግ ሕፃን ዳቦው ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ ያውቃል፤ የታረደውንም በግ በክረምት ሲያግድ ከርሟል። ስለዚህ ማዕዱ ተባርኮ ሲቈረስ «ስለ ሰጠኸን እናመሰግንሃለን» የሚለውን ጸሎት በአፉ ብቻ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ ይጸልየዋል። ጥጃው በቤቱ ጥግ ታስሮ በሚያድርበት፥ የከብቱ ትንፋሽ በሌሊት በሚሰማበት ጎጆ ለሚኖር ሰው፥ ግርግም ምን እንደ ሆነ መተርጕም አያስፈልገውም። አባቶቻችን እንስሳት ሕፃኑን ጌታ በእስትንፋሳቸው አሞቁት ብለው ሲያስተምሩ፥ የገጠሩ ሰው ሙቀቱን ከራሱ ቤት ያውቀዋል። ብዙ ሊቅ በመጽሐፍ የሚደርስበትን ትሕትና እርሱ በየማታው በረቱን ሲዘጋ ያየዋል።

ነገር ግን፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህን መልካም በዓል የሚያበላሽ አንድ ነገር በመካከላችን ገብቷል፤ ይኸውም እፍረት ነው። ከከተማ የተመለሰ ልጅ በሣጥን የታሸገ መጠጥ ይዞ ይመጣና የእናቱን ጠላ ወደ ጎን ያደርጋል። ጎረቤት ሰንጋ ጥሏል ተብሎ ሲሰማ፥ ዶሮ ብቻ ያለው አባወራ በልጆቹ ፊት ራሱን ይደፋል። በከተማም የፕላስቲክ ዛፍ ተገዝቶ በላዩ ጥጥ ይበተናል፤ ጥጡም በረዶ ነው ይባላል። ዛፍ ያቆመ ሁሉ በደለ ብለን አንፈርድም። ነገር ግን በፈትል የታረዘ ሰው ይለብሰው የነበረው ጥጥ፥ በማናውቀው አገር በረዶ ስም በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ማስተዋል ይገባናል።

እፍረቱም ብቻውን አይቀርም፤ ዕዳ ይወልዳል። በታኅሣሥ ወር እህል ከየአውድማው ስለሚወጣ ገበያው ይሞላል፥ ዋጋውም ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ገበሬው ለበዓል ወጪ ብሎ የዓመት ቀለቡን በርካሽ ይሸጣል። ሐምሌና ነሐሴ በገቡ ጊዜ ግን ጎተራው ይጎድላል፤ ያንኑ የሸጠውን እህል በውድ ዋጋ ለመግዛት ይገደዳል፤ ገንዘብ ባጣም ጊዜ በአራጣ ይበደራል። ለአንድ ቀን ሰው ፊት ላለማፈር ሲል ልጆቹን በክረምት ያስርባል። እስኪ እንጠይቅ፤ በግርግም የተኛው ጌታ ይህን ከእኛ ፈልጎአልን? ሰብአ ሰገል ወርቅና ዕጣን ከርቤም ይዘው መጡ፤ ነገር ግን የራሳቸውን ሣጥን ከፍተው እንጂ ተበድረው አላመጡም። እረኞቹ ግን ባዶ እጃቸውን እየሮጡ መጡ፤ ሆኖም ከሰብአ ሰገል ቀድመው ሕፃኑን አዩት፥ እያመሰገኑም ተመለሱ። «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» እንዲሉ፥ ያለውን ያቀረበም በእግዚአብሔር ፊት አያፍርም።

«እንግዲያስ በዓልን በደረቁ እናሳልፈውን?» የሚል ቢኖር፥ አይደለም እንላለን። ጾም እንዳለ ሁሉ ደስታም አለ፤ በዓልን ማክበር የተገባ ነው። በካህኑ በዕዝራና በነህምያ ዘመን ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምተው ባለቀሱ ጊዜ፥ ቀኑ የተቀደሰ ነውና የሰባውን በልተው ጣፋጩን ጠጥተው እንዲደሰቱ ታዘዙ። ነገር ግን ትእዛዙ በዚያ አላበቃም፤ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ድርሻቸውን እንዲልኩ ተጨመረበት፤ ይህም በነህምያ ምዕራፍ 8 ተጽፏል። እንግዲህ የበዓል መለኪያው የማዕዱ ብዛት ሳይሆን ማዕዱ የደረሰበት ርቀት ነው። ዳቦው ከደጃፉ ወጥቶ እስከ መበለቲቱ ጎጆ የደረሰ ሰው በዓሉን አከበረ፤ ሰንጋ ጥሎ በሩን የዘጋ ሰው ግን ሥጋ በላ እንጂ በዓል አላከበረም። ቀላል በዓል እናድርግ ስንል ንፉግ እንሁን ማለታችን አይደለም፤ ለታይታ የሚወጣው ቀርቶ ለሚያስፈልገው እንዲተርፍ ነው።

ለዚህም ነገር አባቶቻችን ያቈዩልን መልካም ሥርዐት አለን፤ እርሱም ቅርጫ ነው። ብቻቸውን በሬ ለመግዛት የማይችሉ ጎረቤታሞች አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ ካረዱም በኋላ ሥጋውን በእኩል መደብ ከፍለው በዕጣ ይካፈላሉ። ዕጣ ስለ ሆነ ትልቅ ትንሽ የለም፤ ለጌታውም ለድኻውም እንደ ወጣለት ነው። በየቅርጫው አንድ መደብ ምንም ላላዋጣው ለአካለ ስንኩሉ፥ ላሳዳጊ አልባው ልጅ ወይም ለብቻዋ ለምትኖር አሮጊት ቢመደብ፥ ማንም ሳይጎዳ ብዙ ቤት በደስታ ይውላል። ይህ የቦዔዝ ነዶ ነው።

ሌላም ልንረሳው የማይገባ ነገር አለ። ጠላውን የምትጠምቀው፥ ዳቦውን የምትጋግረው፥ ወጡን የምትሠራው፥ ቤቱን የምትለቀልቀው አንዲት ሴት ናት። ወንዱ ማኅሌት ቆሞ ሲያድር እርስዋ ምድጃ ዳር ቆማ ታድራለች፤ ሌሎች ቅዱስ ቍርባን ሲቀበሉ እርስዋ በጢስ ዓይኗን ትጠርጋለች። የጌታን ልደት የምናከብረው ከሴት ስለ ተወለደ አይደለምን? ታዲያ በእናት ድካም ላይ ብቻ የቆመ በዓል እንዴት የእርሱ በዓል ይሆናል? ጌታችን ማርታን በብዙ አገልግሎት ስትባክን አይቶ ለነፍስዋ አዘነላት። ስለዚህ ባሎች እንጨቱን ይፍለጡ፤ ወንዶች ልጆች ውሃ ይቅዱ፤ የወጡም ዓይነት ከአምስት ወደ ሁለት ይቀነስ። ማዕዱ ሲቀል የቤቱ እመቤት ከቅዳሴው ትደርሳለች፤ ይህም ለቤተ ሰቡ ከማናቸውም ምግብ የበለጠ በረከት ነው።

እናንተም የተከበራችሁ ካህናት አባቶች! ሕዝቡ የሚያየው እናንተን ነው። በበዓል ማግስት ጠበል ስትረጩና ማዕድ ስትባርኩ አስቀድማችሁ ሰንጋ ወደ ታረደበት ቤት ብትሄዱ፥ ድኻው እግዚአብሔርም እንደዚያ የሚሄድ ይመስለዋል። አስቀድማችሁ ሽሮ ወደ ቀረበበት ጎጆ ብትገቡ ግን፥ አንድ ሰዓት ከሚፈጅ ስብከት የበለጠ ታስተምራላችሁ። በ325 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በ17ኛው ቀኖናቸው ካህን በአራጣ እንዳያበድር ከልክለዋል። ይህ ቀኖና በበዓል ሰሞን ሊታሰብ ይገባዋል። በጾሙም ወራት በየእሑዱ፥ ማንም ለበዓል ብሎ እንዳይበደር፥ የክረምት ቀለቡንም እንዳይሸጥ በግልጥ ምከሩ።

የዚህን ትምህርት ማስረጃ ሩቅ አንፈልገው። በዓለ ልደት በታላቅ ድምቀት ከሚከበርባቸው ስፍራዎች አንዱ ቅዱስ ላሊበላ ነው። በዚያ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲያዜሙ የሚሰማው ሕዝብ፥ ከየገጠሩ ብዙ ቀን በእግሩ ተጕዞ የመጣ፥ ስንቁም በሶና ቆሎ፥ መኝታውም መሬት የሆነ ነው። የበዓሉን ግርማ ያመጣው ሀብት አይደለም፤ እምነት ነው። በእግሩ የተጓዘው ምእመን በበሶ ካከበረው፥ እኛ በቤታችን ዳቦና ጠላ ይዘን ምን ጐደለን እንላለን?

እንግዲህ ምእመናን፥ በመጪው በዓለ ልደት የቤታችሁን ፍሬ አትናቁ። በከተማ የምትኖሩትም ወደ ወላጆቻችሁ ስትሄዱ የእናታችሁን ጠላ ቀድማችሁ ጠጡ፥ የአባታችሁን ዳቦ አመስግናችሁ ቍረሱ፤ ገንዘብ ከያዛችሁም ለመጠጥ ከማውጣት ይልቅ እህላቸው በርካሽ እንዳይሸጥ በጎተራ እንዲቀር እርዷቸው። ይህ ስጦታ በነሐሴ ይታያል። ያለን በግ ከሆነ በግ፥ ዶሮ ከሆነ ዶሮ፥ ሽሮ ከሆነም ሽሮ በንጹሕ ልብ እናቅርብ፤ ካቀረብነውም ቈርሰን ለጎረቤት እንላክ። በእንጀራ ቤት ተወልዶ ራሱን የሕይወት እንጀራ አድርጎ የሰጠን ጌታ፥ የእያንዳንዳችንን ጎጆ ቤተ ልሔም ያድርግልን፤ ጎተራችንን ከጕድለት፥ ቤታችንን ከዕዳ፥ ልባችንን ከከንቱ ውድድር ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።