መውጣትና የመውጣት ዕዳ

ነፃነት ማለት ከጌታ ደጅ መውጣት ብቻ ነውን? ወይስ ከወጡ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ነው? ይህን ጥያቄ ለሐተታዬ መነሻ ያደረግሁት ባለፈው ክረምት በማኅበራችን የውይይት ክበብ የተነሣ ክርክር ሳይቋጭ ስለ ቀረ ነው። ክርክሩ የተነሣው ከፖለቲካ መጽሐፍ ሳይሆን ከሙዚቃ ነበር። አንድ ወንድማችን፣ ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ከታላቁ አሳታሚ ኩባንያ ተለይቶ አልበሙን በራሱ ማውጣቱን የነፃነት አርአያ አድርጎ አወደሰ። ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ቀን የሚማር ሌላው ወንድማችን ግን፣ «ባለጸጋ ጌታውን ሲሰናበት ነፃ ወጣ ይባላል፤ ድኻ ጌታውን ሲሰናበት ሥራ ፈት ይባላል» ሲል መለሰለት። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያበቃ ግን ለቃሉ መልስ ያገኘ አልነበረም። እኔም ያን ምሽት መልስ ካጡት አንዱ ነበርሁ።

በቅድሚያ የነገሩን ታሪክ እንደ ሆነው እናስቀምጥ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሬዲዮሄድ በኦክስፎርድ አቅራቢያ በአቢንግደን በአንድ ትምህርት ቤት የተገናኙ አምስት ወጣቶች የመሠረቱት ባንድ ነው። በ1991 ኢ.ኤም.አይ. ከተባለው ኩባንያ ጋር የስድስት አልበም ውል ተፈራረመ። ስድስተኛው አልበም በ2003 ወጣ፤ ውሉም በዚሁ ተፈጸመ። በ2007 ኢ.ኤም.አይ.ን ቴራ ፊርማ የተባለ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ገዛው። ባንዱ በቀድሞ ሥራዎቹ ላይ ሥልጣን እንዲኖረው ቢጠይቅም ከአዲሶቹ ጌቶች ጋር ሊስማማ አልቻለም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 10 ቀን «ኢን ሬይንቦውስ» የተሰኘውን ሰባተኛ አልበሙን በራሱ የኢንተርኔት ገጽ አወጣ። የዋጋው ቦታ ባዶ ነበር፤ ገዢው ልቡ የፈቀደውን ቍጥር ይሞላበታል። ምንም ሳይከፍል መውሰድም ይችል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲዲው በብሪታንያ ኤክስ ኤል በተባለ ነፃ አሳታሚ በኩል ለገበያ ሲቀርብ፣ ብዙዎች አስቀድመው በነፃ የወሰዱት አልበም በብሪታንያም በአሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

የውሉን ባሕርይ ያልመረመረ ሰው የመውጣቱን ትርጉም ሊረዳ አይችልም። አሳታሚ ኩባንያ ለሙዚቀኛው ቀብድ ይሰጠዋል። ቀብዱ ስጦታ አይደለም፤ ከሽያጩ ለሙዚቀኛው ከሚደርሰው ድርሻ ተቀናሽ የሚሆን ዕዳ ነው። የስቱዲዮው ወጪ፣ ብዙ ጊዜም የማስታወቂያው ከፊል ወጪ፣ በዚሁ ዕዳ ላይ ይደመራል። አባቶቻችን ወለድ አገድ የሚሉት ነገር ነበር። ባለዕዳው መሬቱን ያስይዛል፤ አበዳሪው ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል፤ ዋናው ገንዘብ ሲመለስ ግን መሬቱም ለባለቤቱ ይመለሳል። በሸክላው ውል ግን፣ በተለመደው አሠራር፣ ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ማስተር የሚባለው ዋናው ቅጂ የኩባንያው ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ይህ ከወለድ አገድም የከፋ ወለድ አገድ ነው።

እርግጥ ነው፣ ኩባንያውም የሚለው አለው። ገንዘብ ካፈሰሰባቸው ባንዶች የሚበዙት ወጪያቸውን እንኳ ሳይመልሱ ይቀራሉ፤ የጥቂቶቹ ትርፍ የብዙዎቹን ኪሳራ ይሸፍናል። ይህ ክርክር ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ስለ ገንዘቡ ይናገራል እንጂ ስለ ሥልጣኑ አይናገርም። የባንዱን የቀድሞ አልበሞች ዕጣ እንመልከት። በ2007 ወደ ቴራ ፊርማ እጅ ገቡ። በ2011 ገዢው የተበደረውን መክፈል ስላቃተው ሲቲግሩፕ የተባለው ባንክ ኩባንያውን ወሰደው። በ2012 የሸክላው ክፍል ለዩኒቨርሳል ተሸጠ። በ2013 ደግሞ የባንዱ ሥራዎች የሚገኙበት ፓርሎፎን የተባለው ቅርንጫፍ ወደ ዋርነር ተሻገረ። በመጨረሻም በ2016 አልበሞቹ ወደ ኤክስ ኤል ዞሩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አምስት ባለቤት! ጉልቱ ከአንዱ ባለጉልት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ጭሰኛውን ማን ያማክረው ነበር?

የፖለቲካ ፍልስፍና ተማሪ እዚህ ላይ ፊሊፕ ፔቲትን ማስታወሱ አይቀርም። ይህ ፈላስፋ በ1997 ባሳተመው «ሪፐብሊካኒዝም» በተባለው መጽሐፉ፣ ነፃነት ማለት ጣልቃ የሚገባብን ሰው አለመኖር ብቻ እንዳልሆነ ይከራከራል። ደግ ጌታ ያለው ባሪያ አይገረፍም፤ አይራብም፤ እንደ ልቡም ይወጣል፣ ይገባል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ጌታው እስከ ፈቀደ ድረስ ነው። ጌታው በማግሥቱ ቢቈጣ ወይም ቢሞትና ልጁ ቢወርሰው፣ የባሪያው ዕድል በአንድ ሌሊት ይለወጣል። ስለዚህ የባርነቱ ምንጭ ጅራፉ ሳይሆን፣ ጅራፉን የማንሣትና ያለማንሣት ሥልጣን በሌላው እጅ መሆኑ ነው። ሬዲዮሄድን ኢ.ኤም.አይ. ጨቍኖታል ለማለት አልደፍርም። እንዲያውም የባንዱን እንግዳ የሆኑ ሥራዎች ሳይቀር በታላቅ ወጪ አሳትሞለታል። ነገር ግን ጌታው በተለወጠ ጊዜ ያ ሁሉ ደግነት በችሮታ እንጂ በመብት የተገኘ እንዳልነበረ ተገለጠ። የባንዱ መውጣት ከዚህ አንጻር ሲታይ እውነተኛ የነፃነት ሥራ ነው። የመጀመሪያው ወንድማችን አልተሳሳተም።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው ወንድማችንም አልተሳሳተም። ሬዲዮሄድ አልበሙን ያለ ዋጋ ዘርግቶ የሚያተርፈው፣ በዓለም ዙሪያ ስሙን የሚያውቁ ሚሊዮኖች ስላሉት ነው። ያን ስም የገነባው ተሰጥኦው ብቻ አይደለም፤ የኢ.ኤም.አይ. ገንዘብም ጭምር ነው። ሶኒክ ዩዝ የተባለው የአሜሪካ ባንድ አባል የነበረችው ኪም ጎርደን በ2009 ይህንኑ ነቅፋ ነበር። ድርጊቱ እንደ እነርሱ ብዙ ሸክላ የማይሸጡትን ሙዚቀኞች እንዳላሰበና፣ ሥራቸውን በፈቃድ ዋጋ የማያቀርቡትን ሁሉ እንደ ስግብግብ የሚያስቈጥር እንደ ሆነ ተናግራለች። ነቀፋው ተራ ምቀኝነት አይደለም። ባለጎተራው እህሉን በነፃ ሲያድል፣ በቁና የምትቸረችረው መበለት በገበያው መካከል ጨካኝ ትመስላለች።

ጉዳዩን ከሥሩ ለመመርመር አልበርት ሂርሽማን ይረዳናል። ሂርሽማን በ1933፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ ከበርሊን የተሰደደ የኢኮኖሚ ሊቅ ነው። በ1970 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ፣ አንድ ድርጅት ወይም መንግሥት ሲበላሽ ሰዎች ሁለት መንገድ እንዳላቸው ያስተምራል፤ አንደኛው መውጣት ነው፤ ሁለተኛው ድምፅን ማሰማት ነው። ሦስተኛው ነገር ታማኝነት ነው፤ እርሱም ሰው ቶሎ እንዳይወጣና ቆሞ እንዲናገር ያደርገዋል። ሐሳቡ የተፀነሰለት በናይጄሪያ የባቡር ሐዲድ ሁኔታ ነው። ባቡሩ አገልግሎቱ ሲበላሽ፣ አቤቱታቸው ሊሰማ ይችል የነበረው ታላላቅ ደንበኞች ጭነታቸውን ወደ ካሚዮን አዛወሩ። ተቀናቃኝ ተነሣና ባቡሩ ይሻሻላል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። የሚጮኹት ስለ ሄዱ አስተዳዳሪዎቹ ሰላም አገኙ፤ ባቡሩም እንደ ተበላሸ ቀረ። ከዚህ የምንማረው መራራ ትምህርት፣ የብርቱዎች መውጣት አንዳንድ ጊዜ ለጌታው ቅጣት ሳይሆን እፎይታ መሆኑን ነው።

ስለዚህ «መውጣት ትክክል ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ በመሠረቱ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። የሚወጣ ሰው መውጣቱ መብቱ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ፣ የወጣው ሰው ከወጣበት በር ጋር ምን አደረገ የሚለው ነው። ለሚከተሉት ከፍቶ ተወውን? ወይስ እርሱ ብቻ ካለፈ በኋላ ተዘጋ?

በሩን ከፍተው የተዉ ሰዎች ምሳሌ አይታጣም። በዋሺንግተን ከተማ በ1980 ኢያን ማካይና ጓደኛው ጄፍ ኔልሰን ዲስኮርድ የተባለ ትንሽ አሳታሚ መሠረቱ፤ ዓላማቸውም የራሳቸውንና የከተማቸውን ባንዶች ሥራ ማውጣት ነበር። ማካይ በኋላ ፉጋዚ የተባለውን ባንድ ሲያቋቁም፣ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ደጅ ቢጠኑትም ባንዱ እምቢ አለ። የመግቢያ ዋጋው አምስት ዶላር ያህል ብቻ እንዲሆን፣ በዕድሜ ምክንያትም ማንም ወጣት ከደጅ እንዳይመለስ ተጠነቀቀ። እዚህ ላይ ነፃነት የአንድ ባንድ ጌጥ ሳይሆን የአንድ ከተማ ወጣቶች የጋራ መሣሪያ ሆነ።

ከራሳችንም ቤት ምሳሌ አለን። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1969 የሸክላ መደብር የነበረው ወጣት አምሃ እሸቴ ይህን ሕግ ተዳፍሮ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ውጭ አገር አሳትሞ ለገበያ አቀረበ። በሩን ለራሱ ብቻ አልከፈተም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ፤ እንደ ካይፋ ያሉ ሌሎች አሳታሚዎችም በከፈተው መንገድ ተከተሉ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃችን ታላቅ ክፍል የተረፈው በዚህ እምቢታ ነው። እርሱም በ1975 እንደ እኛ ስደተኛ ሆነ።

ወደ ሬዲዮሄድ እንመለስ። የባንዱ ድምፃዊ ቶም ዮርክ በ2013 ስለ «ኢን ሬይንቦውስ» ሲጠየቅ መጠራጠሩን አልደበቀም። ከአሮጌው ጌታ ያመለጡ መስሏቸው ሳለ፣ ሙዚቃን ወደ ርካሽ ሸቀጥነት ለሚለውጡት ለአዳዲሶቹ የኢንተርኔት ኩባንያዎች መንገድ ጠርገው እንደ ሆነ ይሠጋ ነበር። በዚያው ዓመት ዮርክ ስፖቲፋይ የተባለው ድርጅት ለጀማሪ ሙዚቀኞች የሚከፍለው እጅግ ትንሽ ነው በማለት አንዳንድ ሥራዎቹን ከዚያ አስወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራዎቹ ወደዚያው ተመለሱ፤ አዲሱ ጌታ ከአሮጌው ይልቅ በርትቷልና። እኔ ግን ከአልበሙ አወጣጥ ይልቅ ይህን ያልተሳካ ተቃውሞ አከብራለሁ። በ2007 ባንዱ የወጣው ስለ ራሱ ነበር፤ በ2013 ግን ስም የሌላቸውን ወክሎ አንድ ስም ያለው ሰው ተናገረ። ዕዳውን መክፈል የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ስለ ሮክ ሙዚቃ ብቻ እንዳልተጻፈ ሳትረዳው አትቀርም። እኛም ወጥተናል። ከእኛ መካከል ተገዶ የወጣ አለ፤ ፈልጎ የወጣም አለ፤ የትኛው እንደ ሆነ ለራሱም ያልለየለት አለ። እንደ ባንዱ ሁሉ፣ እኛም ባዶ እጃችንን አልወጣንም። ፊደል ያስቈጠረን፣ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰን፣ የማያውቀንና የማናውቀው ገበሬ የከፈለው ግብር ነው። ያም ቀብድ ነበር። እንደ ኩባንያው ቀብድ ተቈጣጣሪ ልኮ የሚያስከፍል የለውም፤ ስለዚህም ለመርሳት እጅግ የቀለለ ነው። መውጣታችንን ብቻ እንደ ጀግንነት ከቈጠርነው፣ ጭነታቸውን ወደ ካሚዮን ያዛወሩትን ነጋዴዎች ሆነናል፤ በሄድንበት ሁሉ አስተዳዳሪው ሰላም ያገኛል።

ታዲያ ለዚያ ለመኪና ጠባቂው ወንድማችን ምን ብዬ ልመልስለት? እንዲህ እላለሁ። ወንድሜ ሆይ፣ እውነት ተናግረሃል፤ የመውጣት ነፃነት ለሁሉም እኩል አልታደለም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ፍርድ፣ የቻለ ሰው አይውጣ የሚል አይደለም። የቻለ ሰው የወጣበትን በር በእግሩ ደግፎ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ መልሶ ይናገር የሚል ነው። በውስጥ ያለው ድምፁን ቢያሰማ ይቀጣል፤ በውጭ ያለው ቢናገር ግፋ ቢል አይሰማም። ያለ መሰማት ሥጋት ደግሞ ዝም ለማለት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ያን ምሽት ስንስቅ አንተ አልሳቅህም ነበር። አሁን ምክንያቱ የገባኝ ይመስለኛል፤ ወደ ሌሊቱ ሥራህ ለመሄድ ሰዓትህን እያየህ ነበር።