«ከዚህ በላይ ምን ትሆናለች?»

የአክስቴ የማኅፀን በር ካንሰር ጉበቷ ድረስ መዛመቱ ከተነገረን ወዲህ በቤታችን ስሙ ያልተነሣ መድኃኒት የለም። አንዱ ዱቄት ያመጣል፣ ሌላው ሥር ይጠቁማል። ጠበሉማ ከሁሉም ቀድሞ ነው የተነሣው። ጥርጣሬዬን ስናገር መልሱ አንድ ነው፤ «ከዚህ በላይ ምን ትሆናለች?» እውነትም፣ ሐኪሞቹ ማዳን አንችልም ካሉ ሌላ በር እንዳይንኳኳ በምን አፌ ልከልክል?

ለባህል መድኃኒት ጥላቻ የለኝም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተዋል። ያጣቢዎቹ እንዶድ በዓለም የታወቀው ግን በአንድ እይታ አይደለም፤ ደጋግመው ስለፈተኑትና መጠኑን ስለለኩ ነው። ኮሶስ? የኮሶ ትል ያስወጣል፣ ሲበዛ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። እንግዲያው ካንሰርን የሚያህል ነገር ይነቅላል የሚባል ዱቄት እንዴት «ምንም ጉዳት የለውም» ይባላል? ኃይል ካለው የሚጎዳበት መንገድ ይኖረዋል፤ ከሌለው ገንዘቡ ለምን?

አሜሪካውያን ከአፕሪኮት ፍሬ ውስጥ የሚወጣውንና ካንሰር ያድናል የተባለውን ሌትሪል ፍለጋ ሜክሲኮ ድረስ ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት በ178 ሕሙማን ላይ ሞክሮት አንድም ሰው አልዳነም። በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ሳያናይድ ለሞት ወደሚያደርስ መጠን ተጠግቶ ተገኘ። እነሱም ከዚህ በላይ ምን ይሆናሉ የተባሉ ነበሩ።

አክስቴ ሞርፊኗን በየአራት ሰዓቱ ስትወስድ ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች። ቡናው እስኪፈላ የጎረቤት ወሬ ትጠይቃለች፣ ቶናውን አቅጥናችሁታል ብላ ትቆጣለች። ሰዓቱ ካለፈ ግን የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች። የዱቄቱ ባለቤት «የሐኪም መድኃኒት ካላቆመች አይሠራም» ብሏል። ብልጠቱ ገረመኝ፤ ቢሻላት ምስጋናው የእሱ፣ ባይሻላት ጥፋቱ የሞርፊኑ። ምን ትሆናለች ላሉኝ መልሱን እዚህ አገኘሁት፤ ቶናው ቀጠነ ብላ መቆጣቱን ታጣለች።

ጠበሉን ከዱቄቱ ጋር አንድ ላይ አልፈርጅበትም። እንጦጦ ማርያም ጠበል የገቡ ብዙዎች የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን እየተዉ በነበረበት ጊዜ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። አክስቴም ጠበሏን ቤቷ ሆና ከሞርፊን ሽሮፗ ጋር ትጠጣ። እምነቷን በላቦራቶሪ ልመዝን አልተነሣሁም።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሁላችንም በረንዳ ላይ ስንከራከር እሷን የጠየቃት አልነበረም። ገብቼ ስለ ዱቄቱ ነገርኳት። «ስንት ነው?» አለችኝ። ዋጋውን ስትሰማ ልጇን አስጠርታ «ባጃጁን ትሸጥና ወየውልህ» አለችው። እሱም ለካ ገዢ ማፈላለግ ጀምሮ ነበር።

ሞርፊን አታቁሙ የሚል፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ ሌላ ሰው ቢመጣና እሷም ልሞክረው ብትልስ? የታመመው ጉበቷ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል መሸከም ይችል እንደሆነ ሐኪሟን እጠይቃለሁ። አይችልም ቢሉኝና እሷ ግን አሁንም ብትፈልግ ምን እንደምል ገና አልቆረጥኩም።