ሰባት ቤት የተቆጠረለት ዛፍ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ምድሩ ድንገት ተሰብሮ ቆላው ከሥር በሚታይበት በኮሶዬ አፋፍ አንድ ደብር ነበረ እንበል። በአጸዱ ትልልቅ የኮሶ ዛፎች ቆመዋል። በዚያ ዘመን ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ ኮሶ ይጠጣ ነበርና፣ አበባው ሲደርስ የአገሩ ሰው ወደዚያ ይመጣል። የሚፈለገው ግን የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ዘለላው ከባድ። የወንዴው ሳሳና ገርጣ ያለ ስለሆነ መድኃኒት ፈላጊ ዞር ብሎ አያየውም።

አንድ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይታደስ ተባለ፤ እንጨት ጠፋ። ሽማግሌዎቹ መከሩና «የሚጠቅመውን ትተን የማይጠቅመውን እንቁረጥ» አሉ። ወንዴዎቹ ተቆረጡ። ጣሪያው አማረ። ሴቴዎቹም በየዓመቱ ማበባቸውን አላቆሙም፤ ኮሶ ፈላጊውም እንደ ወትሮው ለቅሞ ይሄዳል። የጎደለ ነገር መኖሩን ማንም አላስተዋለም።

ዘመን አለፈ። ከአሮጌዎቹ ኮሶዎች ሁለቱን ነፋስ ገነደሳቸው። ቄሰ ገበዙ በምትካቸው ሊተክሉ ከዛፎቹ ሥር ችግኝ ቢፈልጉ አጡ። ዘሩን አራግፈው መደብ ላይ ዘሩት፤ አልበቀለም። በዓመቱ ደገሙት፤ ያው ሆነ። በደብሩ አበባውን እየለቀሙ ለድኻ የሚያድሉ አንዲት መነኩሲት ነበሩ።

«እማሆይ፣ ይህ ዛፍ ምን ነካው?» ብለው ጠየቋቸው።

«አባቴ፣ ዛፉንስ ምንም አልነካው። ባሏን ገድላችሁ ልጅ ውለጂ አላችኋት እንጂ።»

ፍለጋ ተጀመረ። ከገደሉ ወገብ፣ መጥረቢያ ካልደረሰበት እርከን ላይ አንድ ወንዴ ኮሶ ተርፎ ተገኘ። ጎረምሶች በጠፍር ወርደው ያበበ ቅርንጫፉን አመጡና በሴቴዎቹ አበባ ላይ አራገፉት። ዘሩ በቀለ። እልል ተባለ፤ ችግኙ አጸዱን ሞልቶ ለጎረቤት ደብሮችም ታደለ። እማሆይ ብቻ ዝም አሉ።

«ምነው እማሆይ፣ ደስ አላለዎትም?»

«ልጅ ስትድሩ እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ። የእነዚህ ሁሉ አባት ግን አንድ ነው። ነገ አድገው እርስ በርሳቸው ሲጋቡ ማን ሊቆጥርላቸው ነው?»

ሽማግሌዎቹ ነገሩን በአክብሮት ሰሙ፤ ችግኙ ሲመዘዝ ባዩ ጊዜ ግን ረሱት። ያ ትውልድ አድጎ በተራው ዘር ሰጠ። ከተዘራው የበቀለው ጥቂት ነበር፤ የበቀለውም ቀጫጫ ሆነ። በአንድ የኅዳር ሌሊት ብርቱ ውርጭ ወረደ። ሲነጋ የደብሩም የጎረቤቱም ችግኝ ባንድነት ጠቁሮ ተገኘ። ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ነበሩና አንዱን የገደለው ሁሉንም ገደለ።

ያን ጊዜ ወደ እማሆይ ሄደው «ምን እናድርግ?» አሉ።

«ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወዲያ በየደብሩ ዙሩ። ከአንድ ዛፍ አንድ እፍኝ ብቻ ልቀሙ፤ ከመልከ መልካሙም ከጎባጣውም፣ ከአፋፉም ከውርጩ ምድርም። ወንዴውን የሚቆርጥ ካያችሁ ለምኑት። ዘሩን ሳትደባልቁ ለየብቻው በጨርቅ ቋጥሩ፤ የተለቀመበትንም አገር ጻፉበት። ሲበቅል ከየወገኑ ለሌላ ደብር አካፍሉ፤ እዚህ የጠፋው እዚያ ይገኛል።»

እንዳሉት ተደረገ። ውርጩ ተመልሶ መጣ፤ አንዳንዱን ገደለ፣ አንዳንዱን ማረ። የትኛው እንደሚተርፍ አስቀድሞ ያወቀ አልነበረም፤ የተረፈው የትኛው እንደሆነ ግን በጨርቁ ላይ ከተጻፈው ታወቀ።

ምሳሌው የሚናገረው ብርቅ ዕፅዋትን እንጠብቃለን ለምንል ለእኛ ነው። አንድ ተክል በዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ስሙ ተጽፎበት ሲቆም ዘሩ የዳነ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1895 በደቡብ አፍሪካ ንጎዬ ደን ውስጥ ጆን ሜድሊ ውድ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ አንድ ብርቅ ተክል አገኘ፤ ኤንሴፋላርቶስ ውዲ ተባለ። ወንዴ ነው። ሴቴዋ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በዱር ጠፍቶ፣ ዛሬ በዓለም የዕፅዋት ማዕከላት የሚታየው ሁሉ ከዚያ ከአንዱ ተክል የተባዛ ነው። በብዙ አገር ቆሟል፤ ከራሱ ወገን ግን አንድ ዘር እንኳ አላፈራም።

የእኛው ቡናም ይህን መንገድ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1706 አንድ የቡና ተክል ከጃቫ አምስተርዳም የዕፅዋት ማዕከል ደረሰ። ከእሱ የተባዛ ተክል በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። ለረጅም ዘመን በአሜሪካ አህጉር የተተከለው ቡና በአብዛኛው ከእነዚህ ጥቂት ወላጆች የወረደ ነው። በ1869 በሴሎን የቅጠል ዋግ ሲነሳ ቡናው ሁሉ በአንድ ሕመም ወደቀ፤ ደሴቲቱም ወደ ሻይ ዞረች። የአረቢካ ቡና ብዝኃነት ዋናው መዝገብ የቀረው በኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው። የቡና ዘር ደርቆ በቅዝቃዜ ብዙ ዘመን መቀመጥ ስለማይችል፣ በጅማ ዞን ጮጬ ላይ ከየአካባቢው የተሰበሰበው ቡና በሕይወት ቆሞ ይጠበቃል። እማሆይ ለየብቻው ቋጥሩ ያሉት ይህንን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የዘር ባንካችንን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ፣ ከነብዙ መልኩ፣ እንዲጠበቅ ደክመዋል፤ በ1989ም «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ኮሶን በተመለከተ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ከዝግባ፣ ከጽድና ከዋንዛ ጋር። ይህ መልካም ነበር። ግን አዋጅ የሚያግደው መጥረቢያን ነው፤ ከአንዲት እናት ዛፍ የተለቀመ ዘር ሺህ ችግኝ ሆኖ ተራራ ሲያለብስ፣ በቁጥር ብዙ፣ በዘር ግን አንድ ቤት መሆኑን አዋጅ አያይም። ባለሙያዎች ከአንድ ሥፍራ ዘር ሲለቀም ከ50 ያህል እናት ተክሎች እንዲሆን ይመክራሉ። ያን ያህል ባይገኝ እንኳ አሥሩ ከአንዱ ይሻላል።

ስለዚህ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም ሆነ በየደብሩ፣ በየትምህርት ቤቱ ችግኝ ጣቢያ የምትደክሙ ወገኖች፣ አደራችሁን ስትወጡ ሰባት ቤት ቁጠሩለት። በመጪው ክረምት ኮሶ ከመትከላችሁ በፊት ዘሩ ከስንት ዛፍ እንደተለቀመ ጠይቁ፣ የመጣበትን ጻፉ፣ ወንዴውንም አትቁረጡ።