አእምሮውን ያጣ ሰው በፍርድ ፊት

ባለፈው እሑድ ከመዝሙር ጥናት በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳንስማማ ተለያየን። በአእምሮ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ነፍስ ቢያጠፋ ሊቀጣ ይገባልን?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48፥ ከእርሱም በፊት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዚሁ ቁጥር፥ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ በሕመም ምክንያት የሥራውን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ያልቻለ፥ ወይም ተረድቶም ራሱን መግዛት የተሳነው ሰው በወንጀል አይቀጣም ይላል። ችሎታው በከፊል ብቻ የጎደለ እንደ ሆነ ቅጣቱ ይቀልለታል እንጂ አይቀርለትም። ወንጀል ለመሥራት ሲል ሆን ብሎ የሰከረ ግን በዚህ ሊያመካኝ አይችልም። ዳኛው ሲጠራጠር የሐኪም ምርመራ ያዛል።

ብዙዎቻችን፥ በተለይ ወንዶቹ፥ «እንዲህማ ከሆነ አብጃለሁ ያለ ሁሉ ሊያመልጥ ነው» ብለን ነበር። ማምለጡ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ግን አላሰብንም። በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ዳንኤል ማክኖተን የተባለ፥ ጠላቶች ያሳድዱኛል ብሎ የሚያምን ሰው፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል መስሎት ጸሐፊያቸውን ድራመንድን በሽጉጥ ገደለ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ አይደለም አለው። ሆኖም ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ በ1865 እስኪሞት ድረስ በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ተዘግቶበት ኖረ። የእኛም ሕግ ለእንደዚህ ያለው ሰው ሕክምናን ወይም ተዘግቶ መጠበቅን ያዛል፤ የጊዜው ልክ አስቀድሞ አይቈረጥም። እስረኛ የሚፈታበትን ቀን ይቈጥራል፤ ይህኛው ምን ይቈጥራል?

ሁላችንንም ዝም ያሰኘችን ግን አንዲት እኅታችን ናት። «የሟቹ እናትስ? ገዳዩ ታመመ አልታመመ ለእርሷ ምን ይለውጥላታል?» አለች። አጥጋቢ መልስ አልነበረንም፤ አሁንም የለንም። ይህን ያህል ብቻ እንላለን። እኛ ስንጸልይ በማወቅም ባለማወቅም ስለ ሠራነው ይቅርታ እንለምናለን። እንግዲህ ሳያውቁ የሠሩት በደል፥ በደል መሆኑ አልቀረም፤ እናቲቱም ተበድላለች፥ ይህንም ማንም ሊክድባት አይገባም። ቅጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ያልመረጠውን ሰው መርጠሃል ብሎ መቅጣት ሐዘኗን አያቀልላትም፤ ቢያቀልላትም እንኳ እውነት አይሆንም።

ወደ ቤታችን ስንሄድ በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ብቻውን የሚናገረውን ሰው እንደ ወትሮው አለፍነው። ማንንም ነክቶ አያውቅም። በዚያ ሁሉ ክርክር እርሱን ያነሣ አልነበረም፤ ስሙንም ከእኛ መካከል የሚያውቅ አልተገኘም።