የባቡር ነጂ ነጻ ፈቃድ

ባቡር መሪ የለውም። መኪና የሚነዳ ሰው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያዞራል፤ በባቡር ነጂ እጅ ያለው ግን ፍጥነትና ፍሬን ብቻ ነው። መንገዱን እሱ ከመምጣቱ በፊት ሌሎች ዘርግተውታል። የእህቴ ልጅ የኤሌክትሪክ ዲፕሎማዋን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ የባቡር ሥራ በምን ይጀመራል?» ስትለኝ፣ ስለ ማስታወቂያውና ስለ ፈተናው ከማንሳቴ በፊት የነገርኳት ይህንን ነው። እዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ዕለት ዕለት የሚሠራው ሊቃውንት ሲከራከሩበት በኖሩት ጥያቄ ላይ ነው። መንገዱ አስቀድሞ የተሰመረለት ሰው ነጻ ነው ወይ?

እኔ በለጋነቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ በተለማማጅነት ገብቼ እዚያው ሸበትኩ። አብሮኝ የሠራ፣ ዛሬም ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የምንጠጣ ሙስሊም ወዳጅ አለኝ። እሱ የሚሆነው ሁሉ ተጽፏል ይላል። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንዳስተማረችኝ፣ ሰው በፈቃዱ መርጦ በምርጫው ይጠየቃል እላለሁ። ክርክሩ የተጀመረው ፉርጎ ሥር ተንበርክከን ሳለን ነው።

ፉርጎ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ መንኮራኩር በመዶሻ ይመታል። ጤነኛው እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። የተሰነጠቀው ግን ገና ሲመታ ድምፁ ይታፈናል። ስንጥቁ ቅባትና አቧራ ለብሶ ዓይን አያየውም፤ የሚያገኘው ጆሮ ነው። ወዳጄ «ቢስሚላህ» ብሎ ይመታል፣ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል፤ ከተጠራጠረ እንደገና ይመታል፤ አሁንም ልቡ ካላረፈ «ና እስኪ አንተም ስማው» ብሎ ይጠራኛል። አንድ ሌሊት «ሁሉ ከተጻፈ ደግመህ የምትመታው ለምንድን ነው?» አልኩት። «ደግሜ መምታቴም ተጽፏል» አለኝ። መልሱን ዛሬም አልቀበለውም። ከእሱ የበለጠ ለመንኮራኩር የሚጨነቅ ሰው ግን አላየሁም።

እኔን ወደ ራሴ ሐሳብ ያደረሰኝ የሐዲዱ ታሪክ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለመሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው ከጅቡቲ ተነሣ። መስመሩ ሐረር ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ወደ ሐረር የሚወስደውን ተራራ መውጣት ከባድና ውድ ስለሆነ ከግርጌው ባለው ሜዳ ታጠፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሜዳው ላይ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። እንግዲህ እኔ የተወለድኩበት ከተማ፣ የበላሁት እንጀራ፣ ያገኘሁት ወዳጅ፣ ሁሉም የመጣው መሐንዲሶች አንድን ዳገት ትተው በሌላ በኩል በመዞራቸው ነው። ለነጂው ዕጣ ፈንታ መስሎ የሚታየው ሐዲድ የሌላ ሰው ምርጫ ነበር። ጣቢያ ላይ ሐዲድ የሚቀይረው ሠራተኛ አቅጣጫውን ይመርጣል፤ እሱ ግን አይጓዝም። ነጂው ይጓዛል፤ አቅጣጫ ግን አይመርጥም። ነጻነትን አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው ነገር አድርገን ስለምናስብ ነው ክርክሩ የማያልቀው። በባቡር ግን ተከፋፍሎ የተያዘ ነው፤ አንዱ ድርሻውን ሲጥል የሌላው ድርሻ አብሮ ይወድቃል።

በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የደረሰውን አደጋ የሚያስታውስ ሰው ይህ ነገር ይገባዋል። ባቡሩ ድልድዩ አጠገብ ያለውን ኩርባ ሲይዝ ፍጥነቱ አልተቀነሰም ነበር፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ሐዲዱ የተሰመረ ነበር፣ ኩርባውም የታወቀ። ለሰው የተተወው የፍጥነቱ ጉዳይ ብቻ ነበር። ተሳፋሪው ትኬት ቆርጦ ሲገባ የገዛ ፈቃዱን ለማያውቀው ሰው አደራ ሰጥቶ ነው የተኛው። ለቅሶ በደረስንበት ቤት ወዳጄ «ተጽፏል» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። እስኪመሽ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀመጠ።

የዛሬው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። በዘመኑ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ነጂው በየጊዜው የሚጫነው ቁልፍ ወይም ፔዳል አለ። ካልተጫነው ይጮኽበታል፤ አሁንም ዝም ካለ ባቡሩ ራሱን ያቆማል። የአየር ፍሬኑም እንደዚሁ ነው፤ ፍሬኑን ከፍቶ የሚይዘው የአየር ግፊት ስለሆነ ቧንቧው ቢበጠስ ፍሬኑ ይይዛል እንጂ አይለቅም። ይህን የሠሩት ሰዎች ነጂ እንደሚያንቀላፋ፣ እንደሚታመም፣ ወንበሩ ላይ ሊሞትም እንደሚችል አስበዋል፤ አስበውም ከኋላ ለተኛው አዝነዋል። እኔ እዚህ ውስጥ ምሕረት አያለሁ። የሰውን ድካም አውቆ የተሠራ ሕግ ሰውን የሚያዋርድ አይደለም።

ለእህቴ ልጅ ሌላውንም አልደበቅኋትም። ከቴክኒክና ሙያም ከዩኒቨርሲቲም ይገባል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባቡር ምሕንድስና በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። መንዳት የፈለገ ዓይኑ ቀይና አረንጓዴ መለየቱ፣ ጆሮው መስማቱ ይመረመራል፤ ከዚያም በረዳትነት ከነጂው ጎን ይቀመጣል። ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን እንቅልፉን መተኛት አለበት፤ ሠርግም ቢሆን ለቅሶም ቢሆን ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለዘመድ ማስረዳት ከፈተናው ይከብዳል።

እሷ መንዳት ነው የምትፈልገው። እኔ ግን መጀመሪያ ጥገና ክፍል እንድትገባ አጥብቄ ነግሬያታለሁ። ፉርጎ ሥር ገብታ ብሎን ያጠበቀች ልጅ በኋላ ነጂ ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ ከሥሯ ያለው ብረት በማን እጅ እንዳለፈ ታውቃለች፤ ሌሊት መንኮራኩሩን የመታው ሰው ማን እንደሆነ ስሙን ጠርታ መጠየቅም ትችላለች።