እንግዳን ስለ መሸኘት

የአንድ አገር ደግነት የሚለካው እንግዳ በመቀበሏ ነው ይባላል። እኔ ግን በአሸኛኘቷም ልትለካ ይገባታል እላለሁ።

በእኛ በማሻ አገር እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ እግሩን አጥቦ፣ አብልቶና አጠጥቶ ማሳደር የቤቱ ጌታ ግዴታ ነው። ዳሩ ግን ማለዳ ሲነሣ ስንቁን አስይዞ ጥቂት መንገድ መሸኘቱም የዚያው ግዴታ እኩሌታ ነው። ሳይሸኙት የሄደ እንግዳ ቅር ይለዋል። እንዳይሄድ በር የተዘጋበት እንግዳስ ምን ይባል? እንግዳ ነውን፣ ወይስ እስረኛ?

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ የዚሁ ደጋ ያለፈ ታሪክ ነው። ዛሬ ምዕራብ ወሎ የምንለው አገር በ15ኛው መቶ ዓመት ቤተ አምሓራ ይባል ነበር፤ ነገሥታቱም ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን የተከሉበት ነው። ገበያው በአሞሌ ጨው ይገበያያል፤ ከዘይላ ወደብ ሐርና ግምጃ ይወጣል፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የሚያሳዝነውም ነገር ሰው ራሱ፣ ወደ ባሕር ይወርዳል። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ እስላሞች ነበሩ፤ ክርስቲያን ነገሥታትም ከእስላም መንግሥታት ጋር እየተዋጉ ሳሉ ያለ እስላም ነጋዴ አይሆንላቸውም ነበር።

በዚህ መንገድ በ1480 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ መጣ። ያገራችን ሰዎች መርቆሬዎስ አሉት። ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ በአትሮንስ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሣላት፤ በአገሩ ልማድ እንዲህ ነበርና። የእኛ ሰው ግን ግራ የውርደት ወገን ነው ብሎ አጕረመረመ፤ ጌታችን እንዴት በግራ ይታቀፋል አለ። የሆነ ሆኖ ሥዕሉ አልተፋቀም። በዚያ ዘመን ይህን መታገሥ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም ስለዚህ አባቶቼን አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ሥዕሉ እንዲገባ የፈቀዱት ነገሥታት ሠዓሊው እንዲወጣ አልፈቀዱም። በ1480ዎቹ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ፍራንቸስኮ ሱሪያኖ በቤተ መንግሥቱ የነበሩትን ኢጣልያውያን ሲያነሣ፣ የከበረ ድንጋይ ፍለጋ መጥተው ንጉሡ እንዳይመለሱ ስለ ከለከላቸው ሁሉም ቅር የተሰኙ እንደ ነበሩ፣ ቢሆንም ለያንዳንዳቸው እንደ ማዕርጋቸው በሚገባ እንደ ተሰጣቸው ይናገራል። በ1520 የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሠዓሊውን ሲያገኘው አርባ ዓመት ያህል ኖሮ የተከበረ ሰው ሁኖ ነበር። ከ1494 በፊት የደረሰው የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ፔሮ ዳ ኮቪላም እንዲሁ ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፤ መሄጃ ግን አላገኘም።

ለነገሥታቱ የሚከራከር ሰው ምክንያት አያጣም። መንግሥቲቱ በጠላት የተከበበች ነበረች፤ የመንገዷንና የኀይሏን ምስጢር ያወቀ ሰው ሄዶ ለማን እንደሚነግር አይታወቅም። እጀ ብልኅም እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውን ስለሚጠቅም ብቻ ማስቀረት፣ እርሻውም ሹመቱም ቢጨመርበት፣ ሰውን እንደ ዕቃ መቍጠር ነው። ደግሞም ጥቅሙ ጎደሎ ነው፤ የሄደ ሰው ሌላውን ይዞ ይመለሳል፣ የቀረ ግን አንድ ራሱን ብቻ ነው።

ይህን ስፈርድ ሌላውን ወገን አልረሳም። ከእኛ ወደ ባሕር የወረዱት ርስትም አልተሰጣቸው። በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ የተወለደው ማሊክ አምባር በልጅነቱ ተሸጦ በባግዳድ አልፎ ወደ ሕንድ አገር ወረደ፤ በአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴና የጦር አለቃ እስከ መሆን ደረሰ፤ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ ቈረቈረ፤ በ1626 እዚያው ሞተ። ክብሩን አይተን ባርነቱን መልካም ነበር እንል ዘንድ አንችልም። እንግዲያስ የብራንካሌዎንንም ክብር አይተን እስራቱን መልካም ነበር አንበል።

በገዛ እግራቸው የሄዱም ነበሩ። በኢየሩሳሌም በኩል ሮም የደረሱ መነኮሳቶቻችን በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀምጠው ሳሉ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ዜማቸውን ሰምቶ ከእነርሱ ዘንድ ግዕዝ ተማረ፤ በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ያ ነው። ለዚህ ሥራ ማንም መነኮሳቱን በር አልዘጋባቸውም።

በ1526 የፖርቱጋል መልእክተኞች ስድስት ዓመት ያህል ቈይተው ተሰናብተው ከምጽዋ መርከብ ተሳፈሩ። ኮቪላም ከእነርሱ ጋር ለመሄድ ፈቃድ ለምኖ ነበር፤ ግን በዚሁ ቀረ።